ዶክትሬት በአልጎሪዝምና በኦፕቲማይዜሽን፦ ስኮላርሺፕ ከመፈለግዎ በፊት

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬ በኦፕቲማይዜሽን ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ከዞን መጋዘን ወደ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያደርሱ መኪናዎችን መስመር በንብ መንጋ ዘዴ ማሳጠርን ይመለከታል (ክረምት ላይ መንገድ የሚቆረጥበትን ሁኔታ ሥራውን ለማቅለል ስል ትቼዋለሁ)። በአልጎሪዝምና በኦፕቲማይዜሽን ዶክትሬት ለመሥራት ለአርባ ያህል ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። የመለሱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ቦታ የለንም አሉኝ። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል የት አገኛለሁ? የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ አለመሆኔስ ይጎዳኛል?»

ምላሽ፦

የመጨረሻው ጥያቄዎ አጭር መልስ ስላለው ከእሱ ልጀምር፤ የሒሳብ ምሩቅ መሆንዎ አይጎዳዎትም። ይህ ዘርፍ፣ ማለትም ከብዙ አማራጮች የተሻለውን በስሌት የመፈለግ ሥራ፣ ገና ሲፈጠር የአንድ ትምህርት ክፍል ንብረት አልነበረም። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 ሌኒንግራድ ውስጥ ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (ውስን ሀብትን በቀጥተኛ እኩልታዎች አስልቶ ማከፋፈል) የምንለውን ሐሳብ የጻፈው የፕላይውድ አምራቾች ሥራውን በማሽኖቻቸው ላይ እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ጠይቀውት ነው። ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 ይህንኑ ዓይነት ችግር የሚፈታውን የሲምፕሌክስን ዘዴ ያወጣው ለአሜሪካ አየር ኃይል ዕቅድ ሲሠራ ነው። ሁለቱም የሒሳብ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም ወደ ሥራው ያስገባቸው ግን ሌላ ሰው ተቸግሮ ያመጣው ጥያቄ ነው። ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ያህል አይደለም፤ ወደ ኋላ ስለ እርስዎ ጽሑፍ ስናገር እመለስበታለሁ።

ዛሬም ቢሆን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ «አልጎሪዝም፣ ኮምቢናቶሪክስና ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውን የዶክትሬት ፕሮግራም በጋራ የሚያካሂዱት የሒሳብ፣ የኮምፒውተር ሳይንስና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጆርጂያ ቴክም በዚሁ ስም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ፋኩልቲው ሥር «ኮምቢናቶሪክስና ኦፕቲማይዜሽን» የሚል ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል አለው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ፕሮግራም ለመጻፍ አለመፍራትና ስለ ግራፍ አልጎሪዝሞች (በነጥቦችና በመስመሮች በተሳለ መረብ ላይ ስለሚሠሩ የስሌት ስልቶች) መሠረታዊውን ማወቅ ነው፤ ይህን በአንድ ሴሚስተር በራስዎ ጥረት ይሞሉታል። የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) የመጻፍ ልምድ ግን በአንድ ሴሚስተር አይገኝም፤ እሱን እርስዎ ከሒሳብ ይዘውት መጥተዋል።

አሁን «ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል» ወደሚለው እንሂድ። በእኛ ዘንድ ዶክትሬት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ስኮላርሺፕ ነው፤ አንድ መንግሥት ወይም ድርጅት አዝኖ ወይም ወድዶ የሚሰጠው ገንዘብ። በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ ግን በዚህ ዘርፍ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት የሥራ ውል ይፈርማሉ፤ ደመወዝ ይከፈልዎታል፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ለጡረታም ይቆረጥልዎታል። ጀርመን ውስጥ ደመወዙ ኢ13 በሚባለው የመንግሥት የደመወዝ እርከን ይሰላል፤ አንዳንዱ ቦታ ሙሉውን፣ አንዳንዱ ከፊሉን ይከፍላል። ስዊድን ውስጥ የዶክትሬት ትምህርት ክፍያ የለውም፤ አራት ዓመት ነው፣ ማስተማር ሲጨመርበት አምስት ይደርሳል። ዴንማርክ ሦስት ዓመት ነው፤ ኖርዌይም ሦስት፣ የማስተማር ግዴታ ካለበት አራት።

ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት ስኮላርሺፕ የሚለውን ቃል ሳይሆን ክፍት የሥራ ቦታን ነው። ማስታወቂያዎቹ ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ የኔዘርላንድስ ቦታዎች አካዳሚክ ትራንስፈር ላይ፤ የዘርፉ ሰዎች ደግሞ ዲማኔት በሚባለው የኢሜይል መልእክት መረብ እርስ በርስ ያስተላልፏቸዋል። ማስታወቂያ ወጥቶበት የሚወዳደሩበት ቦታ ገንዘቡ አስቀድሞ የተዘጋጀለት ቦታ ነው። ያለ ማስታወቂያ የጻፉላቸው ፕሮፌሰሮች «ቦታ የለንም» ሲሉ በአብዛኛው እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዓመት የፕሮጀክት ገንዘብ የላቸውም ማለት ነው። ይህን እንደ ውርደት አይቁጠሩት።

ከእነዚህ መካከል ለእርስዎ በተለይ የሚመቸው የማሪ ስክዎዶፍስካ ኪዩሪ የዶክትሬት መረብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚከፍልበት ነው፤ ዜግነት አይለይም። ዋናው ደንቡ ከመቀጠርዎ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ እንዳይኖሩ የሚል ነው። በዚያው አገር የሚኖሩ ተወዳዳሪዎች በዚህ ደንብ ይወድቃሉ፤ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው ግን ያለ ችግር ያልፈዋል።

አሜሪካ ሌላ ሥርዓት ነው። በጠንካሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት መቀበል ማለት በተለምዶ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ፣ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየሠሩ የኑሮ አበል መቀበል ማለት ነው፤ አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል። የሚወስነው በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ እንጂ አንድ ፕሮፌሰር አይደለም። ስለዚህ ለአሜሪካ ፕሮፌሰሮች የላኳቸው ደብዳቤዎች መልስ ማጣታቸው ምንም አይነግርዎትም፤ ውሳኔው እነሱ ጋ አልነበረም። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አቅም ለሌለው ይተዋሉ፤ ጽፈው ይጠይቁ። የአውሮፓው ቅጥር ደግሞ በጥቅሉ የማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ ቦታ አስገኝልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን ደላላ አይስሙ።

ብሪታኒያን በአጭሩ ልለፈው፤ ጥሩ ቦታዎች አሉ፤ ኤድንብራ፣ ዋሪክ፣ የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል። ግን ለውጭ አገር ተማሪ ክፍያው ከባድ ነው፤ ከመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ቦታዎችም ለውጭ ዜጎች በኮታ የተወሰኑ ናቸው። ማመልከት ይቻላል፤ ተስፋን ሁሉ እዚያ ላይ መጣል ግን አልመክርም።

ይህ ሁሉ ግን «የት» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። እኔ በየዓመቱ የዶክትሬት ማመልከቻዎችን ከሚያነቡት አንዱ ነኝ፤ ከአገራችን የሚመጡ ማመልከቻዎች ሲወድቁ የማየው ቦታ በመታጣቱ አይደለም። ደብዳቤው ስለ ፈላጊው ይነግረኛል፤ ታታሪ መሆኑን፣ ውጤቱን፣ ዕድሉ ቢሰጠው አገሩን እንደሚጠቅም። ስለ ጥያቄው ግን ምንም አይነግረኝም። እኔ የምፈልገው ለአራት ዓመት አብሮኝ አንድ ችግር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ችግር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ ስለ ንቦቹ በግልጽ መናገር አለብኝ። ቅር እንዳይሉብኝ። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ከእንስሳት ባሕርይ ስም የወሰዱ ዘዴዎች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ ንብ፣ የሌሊት ወፍ፣ ተኩላ፣ ዓሣ ነባሪ። በ1983 ኪርክፓትሪክና ባልደረቦቹ ከብረት ማቀዝቀዝ የወሰዱት ዘዴና ማርኮ ዶሪጎ በ1992 ከጉንዳን ያመጣው ሐሳብ የየራሳቸው ክብደት ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ግን አዲስ ስም ያለበሱት የታወቀ ሐሳብ ናቸው። የአንትወርፑ ኬነት ሶረንሰን በ2015 ይህን በጽሑፍ አጋልጦ ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ አዲስ እንስሳ ይዞ ለሚመጣ ጽሑፍ በራቸውን የዘጉ መጽሔቶችም አሉ። ስለዚህ የአልጎሪዝም ንድፈ ሐሳብ ተመራማሪ የደብዳቤዎን የመጀመሪያ መስመር አንብቦ «የንብ መንጋ» የሚለውን ሲያይ ብዙ ጊዜ ንባቡን እዚያው ያቆማል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከእርስዎ ሥራ ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር የሚገኘው ከዚያ መስመር በታች ነው።

ጽሑፍዎን አይደብቁት፤ ግን አንድ ነገር ይጨምሩበት። ያንኑ የመኪና መስመር ችግር በኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ (መልሶቹ ሙሉ ቁጥር እንዲሆኑ በሚያስገድድ የሒሳብ አጻጻፍ) ይጻፉትና በነፃ ሶልቨር (እንዲህ ያለውን ችግር በሚፈታ ሶፍትዌር) ያስኪዱት። ከኤድንብራ የወጣው ሃይስ አለ፤ በርሊን ከሚገኘው የዙዘ ተቋም የወጣው ስኪፕ አለ፤ ሁለቱም በነፃ የሚወርዱ ናቸው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ሶልቨሩ መልሱን ሙሉ ለሙሉ ባያገኘው እንኳ ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም የሚል ወሰን ይሰጥዎታል። ያኔ ንቦቹ ያገኙት መስመር ከዚያ ወሰን በስንት በመቶ እንደሚርቅ አንድ ሠንጠረዥ ይሠራሉ። ርቀቱ ትልቅ ሆኖ ቢገኝም ይጻፉት። የራሱን ዘዴ በሐቅ የለካ ሰው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚነበብ ደብዳቤ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። በጥያቄዎ ውስጥ፣ ለዚያውም በቅንፍ፣ ክረምት ላይ መንገድ የሚቆረጥበትን ሁኔታ «ለማቅለል ስል ትቼዋለሁ» ብለዋል። የዶክትሬት ጥያቄዎ እዚያ ቅንፍ ውስጥ ነው ያለው።

አብረን እንየው። አንድ መጋዘንና አንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ይኑሩ እንበል። በመካከላቸው ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ 60 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 70። ሐምሌ ነው። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሾፌሩ ግን ወንዙ ዳር ካልደረሰ አያውቅም፤ የሚደውልለትም የለም። አጭሩን መርጦ ሄደ፤ ወንዙ ያለው ከጤና ጣቢያው በር አጠገብ ነው፤ ሞልቷል። 60 ኪሎ ሜትር ተመለሰ፣ 70ውን ሄደ። በድምሩ 190 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሾፌር 70 ብቻ ይነዳ ነበር። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሦስት እጥፍን ሊያልፍስ ይችላል? የሚቆረጠው መንገድ ቢበዛ አንድ ከሆነ አይችልም። አጭሩን መንገድ ሀ፣ ቀጣዩን ለ እንበላቸው። ሾፌሩ አጭሩን ሞክሮ ቢዘጋበት በጣም ቢበዛ ሀን ደርሶ መልስ ሄዶ ለን ይጨምራል፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ሀ ሲደመር ለ። ሀ ከለ ስለማይበልጥ ድምሩ ከሦስት ጊዜ ለ አያልፍም። ሁሉን የሚያውቀው ሾፌር የሚነዳው ደግሞ ልክ ለ ነው። ታዲያ ከሦስት የተሻለ ስልት ይኖር ይሆን? ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሁኑና መዘጊያው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ሾፌሩ የቱንም ቢያስቀድም የተዘጋው ያ ነው ብለን ብንፈርድበት ሦስት እጥፍ ይነዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የተወሰነ ስልት ለሚከተል ሾፌር ሦስት የመጨረሻው ወሰን ነው። ሾፌሩ ግን ሳንቲም ጥሎ ቢመርጥ? የተዘጋውን እኛ አስቀድመን ብንወስን እንኳ ግማሽ ዕድል አንድ እጥፍ፣ ግማሽ ዕድል ሦስት እጥፍ ይነዳል፤ በአማካይ ሁለት። ሳንቲሙ ብቻውን አንድ እጥፍ ሙሉ አተረፈለት።

ይህ ችግር በዓለም ላይ ስም አለው። ፓፓዲሚትሩና ያናካኪስ በ1991 «የካናዳ መንገደኛ ችግር» ብለው አወጡት፤ የእነሱ መንገደኛ መንገዱን የሚዘጋበት በረዶ ነው። ጭቃና ሙላት ቢሆን ሒሳቡ አይለወጥም። የሚዘጉት መንገዶች ቁጥር አስቀድሞ ሲታወቅ፣ የተወሰነ ስልት የሚከተል መንገደኛ ሊያገኘው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ወሰን የዚያ ቁጥር እጥፍ ሲደመር አንድ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል፤ ከላይ ያየነው አንድ መንገድ ሲዘጋ ሦስት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሳንቲም መጣል የሚፈቀድለት መንገደኛ ግን በተጠላለፈ የመንገድ መረብ ላይ የት ድረስ እንደሚሄድ አሁንም የሚሠራበት ጥያቄ ነው። እርስዎ ያልዎት ችግር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ መድረሻው አንድ ሳይሆን አርባ ጤና ጣቢያ ነው፣ መኪናው ከአንድ በላይ ነው፣ አንድ ሾፌር ያየውን የተዘጋ መንገድ ለሌላው በስልክ ሊነግረው ይችላል፤ መረቡ ካለ። «መረቡ ካለ» የሚለውን ብቻ ወስደው ቢጠይቁ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ለኮሚቴ የምትላክ አንዲት ገጽ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር መያዝ አለባት። ከላይ ያለውን ቀላል ጉዳይ በራስዎ አጻጻፍ፣ ከዚያ እርስዎ የጨመሩትን አንድ እርምጃ። ሁለት መኪና ቢሆን፣ ያለ ስልክና በስልክ፣ ወሰኑ ምን ይሆናል? ባይፈቱትም የት ድረስ እንደደረሱና የት እንደቆመብዎት ይጻፉ። የሥራው ስፋት ሳይሆን ጥልቀቱ ነው የሚታየው። ለፕሮፌሰሩም ሲጽፉ «የምርምር ፍላጎትዎ ከእኔ ጋር ይጣጣማል» የሚለውን አረፍተ ነገር ይተዉት፤ አርባ ሰው ይጽፈዋል። ይልቁንስ «በጽሑፍዎ ሦስተኛ ክፍል ያለው ማረጋገጫ መንገደኛው ብቻውን እንደሆነ አድርጎ ይነሣል፤ ሁለት መንገደኞች መረጃ ቢለዋወጡ ሁለተኛው እርምጃ እንደማይሠራ በአምስት ነጥብ ግራፍ አሳይቻለሁ፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ» ቢሉ ያቺ ደብዳቤ ትከፈታለች። እንዲህ ያለች ደብዳቤ በሁለት ሳምንት አንድ ብትወጣዎት ብዙ ናት። አርባ የሚላክ አይደለም፤ አምስት ወይም ስድስት ነው።

ይህ ሕልም እንዳይመስልዎት የእኛኑ ሰው ላንሣ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ረድኤት አበበ በ2019 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በጆን ክላይንበርግ አማካሪነት በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ሲያጠናቅቁ፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነዋል። ከሠሩባቸው ጥያቄዎች አንዱ ገቢያቸው በድንገት የሚናጋ ቤተሰቦች ባሉበት ውስን ድጎማ ለማን ቢሰጥ ይሻላል የሚል ነው። ጥያቄው ማንኛችንም ከሠፈራችን የምናውቀው ነው፤ እሳቸው ግን ቲዎረም የሚወጣበት አድርገው አስቀመጡት።

የዶክትሬት ተማሪ ትልቅ ነገር አይሠራም ብለው ካሰቡም ሁለት ምሳሌ ልስጥዎት። የሻጩ ጉዞ ችግር ላይ፣ ማለትም ከተሞችን ሁሉ አዳርሶ የሚመለስ አጭሩን ዙር በመፈለግ ላይ፣ ክሪስቶፊደስ በ1976 ያስቀመጠው ከምርጡ የአንድ ተኩል እጥፍ ወሰን ከአርባ ዓመት በላይ አልነቃነቅ ብሎ ቆይቶ በ2020 የነቀነቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ናታን ክላይን፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ያተረፉት ከነጥብ በኋላ ሠላሳ አምስት ዜሮ ተደርድሮ የሚመጣ እጅግ ኢምንት ቁጥር ነው፤ ግን ግድግዳው ግድግዳ አለመሆኑ ታወቀ። በ2022 ደግሞ በአንድ መረብ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለውን ከፍተኛ ፍሰት መረቡን ከማንበብ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ የሚያሰላ አልጎሪዝም ሲወጣ ከስድስቱ ደራሲዎች መካከል የጆርጂያ ቴክና የስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩበት። በነገራችን ላይ በአልጎሪዝም ንድፈ ሐሳብ ስሞች የሚሰፈሩት በፊደል ተራ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደተጻፈ ማየት ትርጉም የለውም። በማመልከቻዎ ላይ «የመጀመሪያ ደራሲ ነኝ» ብሎ ማጉላት የዘርፉ እንግዳ መሆንዎን ከመናገር በቀር አይጠቅምም። ገንዘብ ተቀብለው በሳምንት ውስጥ የሚያትሙ መጽሔቶች ላይ የወጣ ጽሑፍም ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ያልታተመች አንድ ንጹሕ ገጽ ትሻላለች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የትኛውን በር ያንኳኩ? ለመንገደኛው ዓይነት ችግር አምስተርዳም የሚገኘው የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ማዕከል ጥሩ ነው፤ በ1946 የተመሠረተ ነው፤ ዳይክስትራ ሁላችንም የምናስተምረውን የአጭር መንገድ አልጎሪዝም ያወጣው እዚያ ሲሠራ ነው። የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በርሊንና የዙዘ ተቋም፣ ቦን የሚገኘው የዲስክሪት ሒሳብ ተቋም፣ ሎዛንና ዙሪክ ያሉት ሁለቱ የስዊዘርላንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት፣ ኮፐንሀገን ያለው የመሠረታዊ አልጎሪዝም ምርምር ማዕከል፣ በርገን ዩኒቨርሲቲ፤ እነዚህ ሁሉ የዘርፉ ሰው ስማቸውን በየቀኑ የሚያነሣቸው ናቸው። ዛርብሩከን ያለው የማክስ ፕላንክ የኢንፎርማቲክስ ተቋምና ቪየና አጠገብ ያለው የኦስትሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም በፕሮግራም ነው የሚቀበሉት፤ በተለይ የኦስትሪያው በመጀመሪያው ዓመት ከተለያዩ ቡድኖች ጋር ሠርተው አማካሪዎን ቆይተው እንዲመርጡ ያደርጋል። መረጃ ሳይሟላ መወሰን ላይ በኦፕቲማይዜሽን በኩል መሄድ ከፈለጉ የኤምአይቲ የኦፕሬሽንስ ሪሰርች ማዕከልና የጆርጂያ ቴክ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ክፍል አሉ። አገር ከመምረጥዎ በፊት ግን የአምስት ሰው ጽሑፍ ያንብቡ፤ አርካይቭ (arXiv) በሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ አብዛኛው በነፃ አለ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የድጋፍ ደብዳቤ። አገራችን ውስጥ መምህሩ «አንተ ጻፈውና ልፈርምበት» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሰው ሲያበላሽ አይቻለሁ፤ ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ እጅ እንደተጻፉ ያስታውቃሉ፤ ሦስቱም «ሰዓት አክባሪ፣ ታዛዥ፣ ጠንካራ ሠራተኛ» ይላሉ። ኮሚቴው የሚፈልገው ታዛዥነትን አይደለም። ለአማካሪዎ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁላቸው፤ የትኛውን ችግር አብራችሁ እንደሠራችሁ፣ የቱ ላይ እንደተከራከራችሁ፣ ማን የማንን ስሕተት እንዳገኘ። ደብዳቤውን እሳቸው ራሳቸው እንዲጽፉ በትሕትና ይለምኗቸው። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልኩም ይንገሯቸው፤ ከግል ኢሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥርጣሬ ያስነሣል።

ሰነዶቹን አሁኑኑ ይጀምሩ። የወጪ መጋራት ያልከፈሉበት ዲግሪ ካለ ዋናው እጅዎ አይገባምና ከሬጅስትራር ጋር የሚፈጀውን ጊዜ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለ ትራንስክሪፕቱ ላይ በግልጽ እንዲብራራ ያድርጉ፤ በ2014 የተመረቀ ሰው በ2022 መመረቁን ያልተረዳ አንባቢ የስምንት ዓመት ክፍተት ያያል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ያስጽፉ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእሱ ብቻ የቋንቋ ፈተናውን ይተዉልዎታል። የአሜሪካ ማመልከቻዎች በአብዛኛው የሚዘጉት በዲሴምበር የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ማለትም ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 6 አካባቢ ነው። የኦስትሪያው ተቋም የሚዘጋው በገና ማግስት አካባቢ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ኢንተርኔት ፍለጋ እንዳይሮጡ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ካገኙ ደግሞ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ለመወሰን ጊዜ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በፊት አጣድፈው እንዲፈርሙ አያስገድዱዎትም።

በቀጥታ ለመወዳደር ገና ነኝ ካሉ ሁለት ድልድዮች አሉ። ትሪየስት፣ ጣልያን ያለው አብዱስ ሳላም በ1964 የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች በሒሳብ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ከነሙሉ ወጪው ይሰጣል። በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም ሩዋንዳን ጨምሮ በሌሎች አገሮች ማዕከላት አሉት። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል፤ እኔ ግን ከእነዚህ የመጡ አመልካቾችን የድጋፍ ደብዳቤ ሳነብ ልዩነቱ ይታየኛል፤ ጸሐፊው ተማሪውን ሰሌዳ ፊት አይቶታል። ቤተሰብ ይዘዎት ከአገር መውጣት ካልቻሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው ከውጭ አገር ተባባሪ አማካሪ ጋር እየተመላለሱ መሥራትም ክብር ያለው መንገድ ነው። የማስተማሪያ ዩኒቨርሲቲዎ የትምህርት ፈቃድ ሲሰጥዎት የሚያስፈርምዎትን የአገልግሎት ውል ግን ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል ያንብቡት።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ ግማሹ ጊዜ ስለ ሥራዎ፣ ግማሹ አንድ አዲስ ችግር ላይ ነው። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ዝምታዎ አለማወቅ ተደርጎ ይቆጠራል። ጠያቂው ችግሩን ሲነግርዎት ወዲያው ድምፅዎን ያሰሙ፤ «ሁለት ነጥብ ብቻ ቢኖርስ? ሁሉም መንገድ እኩል ቢሆንስ?» እያሉ ትንሹን ጉዳይ ይያዙ። ተሳስተው መሳሳትዎን ራስዎ ቢያገኙት ከትክክለኛ መልስ አይተናነስም። «አላውቀውም፤ ግን እንዲህ እሞክረዋለሁ» ማለትም ጥሩ መልስ ነው። ጠያቂው ሲያቋርጥዎት አይደንግጡ፤ አብሮዎት መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጥዎት። አንድ መጋዘን፣ ሁለት ጤና ጣቢያ፣ አራት መንገድ ይሳሉ። ከአራቱ አንዱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። መኪናው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ጣቢያ አዳርሶ መመለስ አለበት። ሾፌሩ ሁሉን ከሚያውቀው ሾፌር በስንት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል? ከሦስት ያነሰ ነው ወይስ የበለጠ? መልሱ ምን ላይ እንደቆመብዎት ጽፈው ይላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።